ጠይቁኝ እስቲ፦ የሳይን ግራፌ ለምን ተጋደመ?

ደሴ ፒያሳ ያለችው የጽሕፈትና የኮፒ ቤቴ ጠዋት ጠዋት በጉም ተጠቅልላ ነው የምትከፈተው። ጉሙ ተገፎ ጦሳ ራሱን እስኪያወጣ ድረስ ደንበኛ ብሎ ነገር የለም። ያቺን ሰዓት ለደብዳቤዎቻችሁ ሰጥቻታለሁ። 27 ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆምኩ፤ አሁን ደግሞ ማባዣ ማሽን ፊት እቆማለሁ። ጠመኔው በቶነር ተተካ እንጂ ሌላው ያው ነው። ዛሬም የሚመጣልኝ የሒሳብ ፈተና ነው።

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አምስቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁሉም ግራፍን በኮድ ስለ መሳል ነው። ለአዲስ አንባቢ፦ «ላቴክስ» የምትሉት ጽሑፍና ፎርሙላ በትዕዛዝ የሚያሰናዳ ፕሮግራም ነው፤ ቲክዝ ደግሞ እዚያው ውስጥ ሥዕል በትዕዛዝ የሚስል ጥቅል። ስለዚህ ሌላውን አሳድሬዋለሁ። ስለ ልጃቸው የማካፈል ችግር የጻፉልኝ የሐይቋ እናት አንድ ወር ይታገሡኝ።

ትዕዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው እንደሚነበቡት፣ በእኛው ፊደል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚተየቡት።

«ለቲቸር፦ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ፈተና በላቴክስ ማዘጋጀት ጀምሬ ጽሑፉም ፎርሙላውም አምሮልኛል። ያስቸገረኝ ግራፉ ነው። በቲክዝ የሳይን ግራፍ ከ0 እስከ 6.28 ሳል ብዬ አዘዝኩት። የወጣልኝ የተጋደመ መስመር ነው። ማዕበሉ የት ሄደ? ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። ሌሎቹ ግራፎች ደግሞ ጥርስ ያወጣሉ። ምን ይሻለኛል?» ተጋዳሚው፣ ከኮምቦልቻ

አብሽር የኔ ልጅ። ማሽኑ ያዘዝከውን ነው የሠራልህ።

ቲክዝ ሳይን ስትለው በዲግሪ ነው የሚያስበው። አንተ 6.28 ስትል አንድ ሙሉ ዙር በራዲያን ማለትህ ነበር። እሱ የሰማው 6.28 ዲግሪ ነው። የ6.28 ዲግሪ ሳይን ደግሞ 0.11 ገደማ ነው። ስለዚህ መስመርህ ወረቀቱ ላይ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ተጉዞ ከፍ የሚለው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ማስመሪያ አምጥተህ ለካው፣ ታገኘዋለህ። ማዕበሉ አልጠፋም፤ ገና እግሩን ሲያነሳ ነው ያየኸው።

መድኃኒቱ አንድ ፊደል ነው። ቅንፉ ውስጥ ከኤክስ ቀጥሎ ክፍተት ሰጥተህ «አር» ጨምርበት። «ይህ ራዲያን ነው» ማለት ነው። ቁጥሩን ወደ 360 ልቀይረው እንዳትል። ቲክዝ ሌላ ካልተነገረው 1ን 1 ሴንቲ ሜትር ያደርጋል። ግራፍህ 3 ሜትር ከ60 ሊሄድ ነው። ፒጂኤፍፕሎትስ የተባለውን ጥቅል ከተጠቀምክ አክሲሱን ራሱ ይመጥንልሃል። እዚያም ግን ልማዱ ዲግሪ ነው፤ «ትሪግ ፎርማት ፕሎትስ» የሚለውን «ራድ» ብለህ አስተካክለው።

በነገራችን ላይ ስሙ ላቴክስ አይደለም። ላቴክስ ጓንት ነው። የኮምፒውተር ሊቁ ዶናልድ ክኑት በ1977 እ.ኤ.አ. የመጽሐፉ አዲስ እትም የፊደል አጣጣል አላምር ቢለው ቴኽ የተባለውን የጽሑፍ ማሰናጃ ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። ላቴኽን ከዚያ ላይ የገነባው ሌስሊ ላምፖርት ነው። የመጨረሻዋ ፊደል ግሪክ ናት፤ ኽ ተብላ ትነበባለች። ፈረንጆቹ ይህችን ድምፅ ለማውጣት ይታገላሉ። የከሚሴንና የባቲን ገበያ የሚያውቅ ወሎዬ ግን ኽ ለማለት ማንም አያስተምረውም።

አሁን ወደ ጥርሱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሁላችሁም ችግር ሥሩ እዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ኩርባ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ነጥብ ነው።

ሐረጎን ታውቀዋለህ። ከደሴ ኮምቦልቻ መንገዱ ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ በዚያች ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። መጠምዘዣውን ላንተ አልነግርህም። አሁን አንድ ሰው መንገዱ ላይ 25 ችካል ብቻ ተክሎ፣ ከችካል ችካል ገመድ ወጥሮ «ይኸው የሐረጎ መንገድ» ቢልህ ታምነዋለህ? በዚያ ገመድ ላይ የሚነዳ ሚኒባስ ገደል ነው የሚገባው። ቲክዝም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ካልነገርከው 25 ነጥብ ያሰላል፤ ከዚያ በቀጥታ መስመር ያገናኛቸዋል። ግራፉ ብዙ የማይጠማዘዝ ከሆነ ዓይንህ አያውቅበትም። ከተጠማዘዘ ጥርስ ያወጣል።

ጥርስ ካወጣልህ ደግሞ ዕድለኛ ነህ። እኔ የሳይን 12 ኤክስን ግራፍ ከ0 እስከ 360 ዲግሪ አዝዤ ነበር። አሥራ ሁለት ማዕበል መውጣት ነበረበት። አንድም አልወጣም። ልክ እንዳንተ ግራፍ ተጋደመ። ዲግሪውን አየሁ፣ ልክ ነው። ቅንፉን አየሁ፣ ልክ ነው። ማታ ቡና እየተፈላ በእርሳስ ሳሰላው ሳቄ መጣ። 25 ነጥብ ማለት 24 ክፍተት ነው። 360 ለ24 ሲካፈል 15 ነው። ማሽኑ የሚረግጠው 0፣ 15፣ 30፣ 45 እያለ ነው ማለት ነው። እነዚህን በ12 አባዛቸው፤ 0፣ 180፣ 360፣ 540። የሁሉም ሳይን ዜሮ! አሥራ ሁለቱም ማዕበል በችካሎቹ መካከል ሾልኮ አለፈ።

ሳይን 25 ኤክስ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። 15 በ25 ሲባዛ 375 ነው። 375 ዲግሪ አንድ ዙር ዞሮ 15 ላይ ነው የሚያርፈው። የቀሩትም እንደዚያው። ስለዚህ የሚወጣልህ ንጹሕ፣ ያማረ፣ ማንም የማይጠረጥረው የሳይን ኤክስ ግራፍ ነው። ጥርስ ያወጣ ግራፍ ራሱን ያጋልጣል። ይሄኛው ግን ተኳኩሎ ነው የሚዋሸው።

የነጥቡ ቁጥር የሚቀየረው «ሳምፕልስ» በሚለው ቃል ነው። እኔ ለአንድ ማዕበል ከ20 ነጥብ በታች አልሰጥም። የራሴ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። አሥራ ሁለት ማዕበል ካለህ 240 በል። 5,000 እንዳትል ብቻ። ቴኽ ስሌት ላይ ፈጣን አይደለም፤ ፋይሉ እስኪወጣ አቦሉንም ቶናውንም ትጠጣለህ።

«ስሙዝ» የሚባል ቃልም አለ። ብዙ ሰው ጥርስ ሲያይ ወደሱ ነው የሚሮጠው። ስሙዝ አንድም ነጥብ አይጨምርልህም። ባሉት ነጥቦች መካከል ቀጥታውን መስመር በቤዚየር ኩርባ ይተካዋል እንጂ። እነዚህ ኩርባዎች ከመኪና ፋብሪካ ነው የመጡት። ፒየር ቤዚየር ሬኖ፣ ፖል ደ ካስቴልዦ ሲትሮኤን ውስጥ ሆነው የመኪና አካል ሲነድፉ ነው የተጠቀሙባቸው። ቲክዝ ክብ ሲስል ራሱ አራት የቤዚየር ቁራጭ ገጣጥሞ ነው። እቅጩን ክብ አይደለም ማለት ነው። ስሕተቱ ግን ከ10,000 እጅ 3 እጅ አይሞላም፤ ሬዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ከፀጉር ይቀጥናል። አትጨነቅበት።

ለሳይን ስሙዝ ሸጋ ነው። ለአብሶሉት ቫልዩ ግን ጠላት ነው። የቪውን ሹል አፍንጫ ያደነዝዘዋል። ተማሪው ቪ ሲጠብቅ ዩ ያገኛል። ሹል ያለበት ግራፍ ላይ ስሙዝን አጥፋው፤ ሹሉ ራሱም ከነጥቦቹ አንዱ መሆኑን አረጋግጥ።

ታንጀንትና 1 ለኤክስ ይቀራሉ። እነዚህ የተቆረጡ ግራፎች ናቸው። ማሽኑ ግን መቆረጣቸውን አያውቅም፤ ከላይ ያለውን ነጥብ ከታች ካለው ጋር ያገናኝና ቀጥ ያለ ግንድ ያቆምልሃል። ተማሪዎችህ ግንዱን የግራፉ አካል ያደርጉታል። 1 ለኤክስ ላይ ደግሞ ልክ ዜሮን ከረገጠ «ለዜሮ አላካፍልም» ብሎ ይቆማል፤ በዚህ እንኳ ከሱ ጋር ነኝ። ቁራጭ በቁራጭ ሳለው። 1 ለኤክስን ከ−5 እስከ −0.2፣ ከዚያ ከ0.2 እስከ 5። ታንጀንትን ከ−80 እስከ 80 ዲግሪ። የ80 ታንጀንት 5.67 ነው፤ ገጽህ ላይ ይገባል። ስስት ይዞህ 89 ካልክ 57 ሴንቲ ሜትር ሽቅብ ይወጣል። የኤክሱንም ስኬል አሳንሰው፤ 160 ዲግሪ 160 ሴንቲ ሜትር እንዳይሆንብህ። አሲምፕቶቱን፣ ግራፉ እየተጠጋው የማይደርስበትን መስመር፣ ራስህ በተቆራረጠ መስመር ሳለው።

ካልጠየቅከኝ አንድ ልጨምር። እያንዳንዱ የቲክዝ ትዕዛዝ በሴሚኮለን ነው የሚዘጋው። ከረሳኸው «ይህን መንገድ ትቼዋለሁ፤ ሴሚኮለን ረስተህ ይሆን?» ይልሃል፤ በእንግሊዝኛ። እኔ አንድ ቀን ሴሚኮለኑን በዓይኔ እያየሁት ይሄው ቁጣ ሲመላለስብኝ ዋለ። ለካ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነበር። ያስገባሁት የኛን ድርብ ሰረዝ ነው።

«እትዬ ቲቸር፦ ሰላምዎ ይብዛ። እኔ ግራፍ ሲያስፈልገኝ ከስልኬ ስክሪንሾት አንስቼ ወርድ ላይ እለጥፋለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሰው ለምን በኮድ ይሠቃያል?» መምህርት፣ ከሰኞ ገበያ አካባቢ

እውነትሽን ነው፣ ግማሽ ጎኑ። በዓመት አንድ ግራፍ የምትፈልጊ ከሆነ ኮድ መማር ጉልበት ማባከን ነው። እንዲያውም ስክሪንሾቱንም ተይውና በእስክሪብቶና በማስመሪያ ሳይው። በእጅ የተሳለ ጥሩ ፓራቦላ ከመጥፎ ስክሪንሾት ይሻላል።

ሌላው ግማሽ ግን በየቀኑ እኔ ሱቅ ነው የሚታየው። ስክሪን ላይ ያማረው ሥዕል ማባዣው ውስጥ ሲያልፍ ግራጫው ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ሰማያዊውና ቀዩ መስመር አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ከዚያ ጥያቄው «ቀዩ ኩርባ የትኛው ነው?» ይላል። ልጆቹ ምን ያድርጉ? ስክሪንሾት የፒክሰል ክምር ነው፤ ባሳደግሽው ቁጥር ይሸራረፋል። በኮድ የተሳለው ግን መመሪያ ነው፤ «ከዚህ ተነስተህ እንዲህ ሂድ» የሚል። ግድግዳ የሚያህል ብታደርጊውም መስመሩ እንደሰላ ነው። ለፈተና ሲሆን ቀለም አትመኚ። አንዱን ድፍን፣ አንዱን የተቆራረጠ፣ አንዱን ነጠብጣብ አድርጊው። ማባዣ የሚያከብረው ይህን ነው።

መካከለኛ መንገድም አለ። ጂኦጀብራ ላይ በጣትሽ ስለሽ ስታበቂ ፋይሉን ወደ ቲክዝ ኮድ ይቀይርልሻል። ኮዱ ትንሽ ወሬኛ ነው፣ ይበዛል። ግን ይሠራል።

ቲክዝን የሠራው ቲል ታንታው የተባለ ጀርመናዊ ነው። ስሙ «ቲክዝ የሥዕል ፕሮግራም አይደለም» የሚል የጀርመንኛ ዐረፍተ ነገር ምኅጻር ነው። ከስሙ ጀምሮ ነው የሚያስጠነቅቅሽ። እያየሽ አትስይበትም። ጽፈሽ፣ አስኬደሽ፣ ከዚያ ነው የምታይው። «ከዚያ ማየት» የሚለውን ክፍል የዘለልኩ ዕለት የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ገና ሳስተምር ነው። የ10ኛ ክፍል ሞዴል ፈተና። የኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 4 ግራፍ ነበረበት። መጀመሪያ ከ0 እስከ 3 ሞከርኩት፤ አሪፍ ወጣ። ማታ መብራት ሲመጣ ሲሄድ በጥድፊያ ከ−3 እስከ 3 አደረግኩት። ሳላየው በፍላሽ ላክሁት፤ ሁለት ደስጣ ወረቀት ታተመ። ጠዋት ፈተናውን ሳድል ፓራቦላው ቀኝ እግሩ ወደ ላይ፣ ግራ እግሩ ወደ ታች። ጥያቄው ምን ይላል? «ግራፉ የኤክስ አክሲስን ስንት ቦታ ይቆርጣል?»

የሆነው ይህ ነው። ቲክዝ ውስጥ ኤክስ የምትጻፈው ከፊቷ ወደ ኋላ ያዘነበለች ሰረዝ አድርጋ ነው። እንዲህ የተጻፈች ኤክስ ቦታዋን በቃሉ ነው የምትለቀው፤ ቁጥሩ እንዳለ እሷ የነበረችበት ይለጠፋል። ኤክስ −2 ስትሆን «ኤክስ ስኩዌር» −2 ስኩዌር ተብሎ ይለጠፋል። ማሽኑ 2ን መጀመሪያ ስኩዌር ያደርጋል፤ 4። ከዚያ የመቀነስ ምልክቱን ይቀጥልበታል፤ −4። ስሌቱ ልክ ነው! እኔው ራሴ 7ኛ ክፍል እያለሁ የተቀጣሁበት የቅደም ተከተል ሕግ ነው። መድኃኒቱ ኤክስን በቅንፍ ማድረግ ነው። ወይም ስኩዌር ከማለት ኤክስ ሲባዛ በኤክስ ብሎ መጻፍ። ፒጂኤፍፕሎትስ ላይ ኤክስ ያለ ሰረዝ ስለምትጻፍ ይህ ጣጣ የለም።

ሁለት ቦታ ብለው ፎርሙላውን የፈቱ ልጆች ነበሩ። አንድ ቦታ ብለው ሥዕሉን ያመኑም ነበሩ። ለሁለቱም ነጥብ ሰጠሁ። ሌላ ምን ላደርግ ኖሯል? አንዷ ተማሪዬ ግን ወረቀቱ ጥግ ላይ በእርሳስ «ቲቸር ፓራቦላው አንካሳ ነው» ብላ ጽፋልኝ ነበር። ያቺን ወረቀት እስካሁን አልጣልኳትም።

«ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ የምሕንድስና ተማሪ ነኝ። በሁለት ምሰሶ መካከል የተንጠለጠለ ሽቦ ለሪፖርቴ ስዬ በፓራቦላ አደረግኩት። አማካሪዬ ‹ይሄ ሽቦ አይደለም› ብለው መለሱልኝ። እኔ በዓይኔ ምንም ልዩነት አይታየኝም። ማን ነው ልክ?»

ሁለታችሁም። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

የእናትህን የአንገት ድሪ ሁለቱን ጫፍ ይዘህ ልቀቀው። የሚሠራው ቅርጽ ፓራቦላ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ስሙ ካቴነሪ ነው፤ በላቲን ሰንሰለት ከሚለው ቃል የመጣ። ጋሊሊዮ ከፓራቦላ ጋር ሲያመሳስለው ኖሮ፣ እውነተኛውን ፎርሙላ ሃይገንስ፣ ላይብኒጽና ዮሐን በርኑሊ በ1691 እ.ኤ.አ. ነው ያወጡት፤ የዮሐን ወንድም ያዕቆብ «እስቲ ፍቱልኝ» ብሎ ጥያቄውን ካቀረበ በኋላ። ፎርሙላው ኮሳይን ሃይፐርቦሊክ ነው። ኤ የተባለ አንድ ቁጥር ወስደህ፣ ኤ ሲባዛ በ«ኮሽ» ኤክስ ለኤ ነው።

ፓራቦላ የሚሆነው ክብደቱ በአግድሙ እኩል ሲከፋፈል ነው፤ ለምሳሌ ድልድይ የተሸከመ ገመድ። ራሱን ብቻ የተሸከመ ሽቦ ግን ክብደቱ በርዝመቱ ነው የተከፋፈለው። አማካሪህ ይህን ማለታቸው ነው።

አንተ ደግሞ ልዩነቱ ያልታየህ ስለሌለ ነው ማለት ይቻላል። አስልቼዋለሁ። በምሰሶዎቹ መካከል 10 ሜትር ይሁን፣ ሽቦው 1 ሜትር ይርገብ። ኤ 12.66 ይሆናል። ከመሐል 2 ሜትር ተኩል ርቀህ ከታችኛው ጫፍ ስትለካ ፓራቦላው 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ካቴነሪው ወደ 24.8። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ሪፖርትህ ላይ አሳንሰህ ስትስለው የመስመሩ ውፍረት ይውጠዋል። አሁን እዚያው 10 ሜትር ላይ 5 ሜትር ይርገብ። ኤ 3.094 ይሆናል። እዚያው ቦታ ላይ ፓራቦላው 1 ሜትር ከ25 ነው፤ ካቴነሪው 1 ሜትር ከ7 ሴንቲ ገደማ። 18 ሴንቲ ሜትር! ይህን ማንም ያየዋል። ካቴነሪው ከታች ጠፍጠፍ፣ ከጎን ቆም ይላል።

ኤን በቀጥታ አልጀብራ አታገኛትም። እኔ በካልኩሌተር እየገመትኩ፣ እያጠበብኩ ነው ያገኘኋት። ቲክዝ ኮሽን ያውቃል። እዚህ ላይ የዲግሪ ነገር የለም፤ ተራ ቁጥር ነው የሚቀበለው፣ «አር» እንዳትጨምርበት። አንዳንድ ልጆች ሽቦን «ቤንድ» በሚለው ትዕዛዝ አጎብጠው ይገላገላሉ። እሱ ቤዚየር ነው፤ ካቴነሪም አይደለም፣ ፓራቦላም ይሁን አይሁን ዋስትና የለህም። ለእንደዚያ ዓይነቱ አማካሪህ «ሽቦ አይደለም» ቢሉ ከሳቸው ጋር ነኝ።

«ቲቸር፣ ሁለት አጭር ጥያቄ። አንድ፣ ግራፌ ላይ ‹ጊዜ› እና ‹ርቀት› ብዬ ስጽፍ ባዶ ይሆናል። ሁለት፣ የ2 በኤክስ ሲነሳን ግራፍ ከ0 እስከ 10 ስስል ‹ዳይሜንሽን ቱ ላርጅ› ይለኛል።»

ለመጀመሪያው፦ ፋይሉን በፒዲኤፍላቴኽ ሳይሆን በዚላቴኽ ወይም በሉዋላቴኽ አስኪደው። «ፎንትስፔክ» የሚለውን ጥቅል ጥራና የአማርኛ ፎንት ስጠው። ኒያላ ዊንዶውስህ ላይ ሊኖር ይችላል። አቢሲኒካ እና ኖቶ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛሉ። በፓወር ግእዝ የተጻፈ የድሮ ፋይል ቀድተህ ከለጠፍክ ግን አይሆንም፤ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር።

ለሁለተኛው፦ የቴኽ ማስመሪያ ርዝመቱ ውሱን ነው። 16,384 ፖይንት ላይ ያበቃል፤ ወደ 5 ሜትር ከ75 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። 2 በ9 ሲነሳ 512 ነው፣ ማስመሪያው ላይ አለ። በ10 ሲነሳ 1,024 ሴንቲ ሜትር፣ 10 ሜትር አለፈ። የዋዩን ስኬል አሳንሰው፤ 1 ማለት 1 ሴንቲ ሳይሆን የሴንቲ መቶኛ ይሁን። ግራፍህ 10 ሴንቲ ቁመት ይዞ ይቀመጣል።

ስለ ማውረድም የጠየቃችሁ አላችሁ። ቴኽ ላይቭ ሙሉው ከ4 ጊጋባይት በላይ ነው። በሞባይል ዳታ አትሞክሩት። ፍላሽ ይዛችሁ ሱቄ ኑ፣ ቀድታችሁ ሂዱ። ለፍላሽ ቅጂ አላስከፍልም። ለቡናው ግን አስባችሁ ኑ።

«ለቲቸር፦ የደሴ ልጅ ነኝ፤ የትምህርት ቤታችን የሥነ ፈለክ ክበብ ጸሐፊ። ከተማችን ስሟን ያገኘችበትን ጅራታም ኮከብ መንገድ በኮድ ስለን ግድግዳ ላይ ልንሰቅል ነው። ኤሊፕስ ነው ብለውናል። እንዴት እንሳለው?»

የዚህ ወር የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ለዚያ ነው መጨረሻ ያስቀመጥኩት።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ያንን ኮከብ አይተው ተደንቀው «ደሴ» አሉ፤ ደስታዬ ማለት ነው ይባላል። ኮከቡ ፀሐይን አጠገቧ ደርሶ የዞረው በመስከረም 1875 ዓ.ም. ነው። ፀሐይን ከሚጭሩት ዓይነት ነው፤ እጅግ ተጠግቶ ነው ያለፈው።

ኤሊፕስ ነው ያሏችሁ ልክ ናቸው። ችግሩ የኤሊፕሱ ዓይነት ነው። የጠፍጣፋነቱ መለኪያ፣ ኤክሰንትሪሲቲው፣ 0.9999 አካባቢ ነው። 1 ቢሞላ ኖሮ ፓራቦላ ይሆን ነበር። 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አድርጋችሁ ብትስሉት ወርዱ 2.8 ሚሊ ሜትር ነው። መርፌ ነው የሚወጣላችሁ! ፀሐይ ደግሞ ከመርፌው ጫፍ የምትርቀው የሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። ነጥብ ብታደርጉላት ራሷ ጫፉን ትሸፍነዋለች። የሚያይ ሰው «ይሄ መስመር ምንድን ነው?» ብሎ ያልፋል።

ስለዚህ ሙሉውን መንገድ ተዉትና ፀሐይ አጠገብ ያለውን ብቻ ሳሉ። እዚያ አካባቢ ኤሊፕሱ ከፓራቦላ አይለይም። ቲ የተባለ ቁጥር ከ−4 እስከ 4 ይሂድ። ኤክስ 0.5 ሲባዛ በቲ ስኩዌር ይሁን፤ ዋይ ራሱ ቲ ይሁን። ቲን በቅንፍ፣ አደራ! ያንካሳውን ፓራቦላ ታሪክ አንብባችኋል። 8 ሴንቲ ርዝመት፣ 8 ሴንቲ ወርድ ያለው ኩርባ ይወጣል። ፀሐይን ኤክስ 0.5፣ ዋይ 0 ላይ አስቀምጧት፤ ፎከሱ እዚያ ነው። ስታትሙት በፈለጋችሁት መጠን አሳድጉት፣ አይሸራረፍም።

ጅራቱን ስትስሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ልጆች ሁልጊዜ ጅራቱን እንደ መኪና ጭስ ከኋላ፣ በመጣበት መንገድ ላይ ያደርጉታል። አይደለም። ጅራት ከፀሐይ በተቃራኒ ነው የሚዘረጋው። ወደ ፀሐይ ሲመጣ ከኋላ ነው፤ ዞሮ ሲሄድ ከፊቱ ይቀድማል። አምስት ቦታ ላይ ኮከቡን አስቀምጡና ከፀሐይ በኮከቡ በኩል የሚያልፍ አጭር መስመር ከያንዳንዱ አውጡ። በኮድ ሲሆን ይሄ አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው፤ በእጅ ቢሆን ግማሽ ቀን ይፈጅባችኋል።

ስትጨርሱ አንድ ኮፒ ለእኔም አስቀሩልኝ። የሱቄ መስኮት ላይ ቦታ አለ።